ዳልቻን ከምድጃው አጠገብ የማስነሣት ሥራ፦ ከጥቅምት እስከ ጥር የተያዘ ማስታወሻ

ጥቅምት 3

ድመታችንን ዳልቻን ዛሬ የሰፈራችን ባለሱቅ ሽንኩርት በሚመዝንበት ዲጂታል ሚዛን ላይ መዘንኋት። ዘንቢል ውስጥ አስገብቼ አፉን በነጠላ ካሰርሁ በኋላ ከነዘንቢሉ አስቀመጥኋት፤ የባዶውን ዘንቢልና የነጠላውን ክብደት ስቀንስ 6.42 ኪሎ ግራም ሆነች። አብዛኞቹ የቤት ድመቶች ከ3.5 እስከ 5 ኪሎ ግራም ስለሚመዝኑና ዳልቻም አጥንተ ሰፊ ስላልሆነች፣ ትናንት ያያት የእንስሳት ሐኪም ለእሷ የሚስማማት ክብደት 4.5 ኪሎ ግራም ገደማ እንደሆነ ገምቷል። ጤነኛ ድመት የጎድን አጥንቶቿ በስስ ሥጋ ሥር በቀላሉ ይዳሰሳሉ፤ የዳልቻን ግን ሐኪሙ ጣቱን ጫን አድርጎ ነው ያገኛቸው። ልቧንና መገጣጠሚያዎቿን መርምሮ እንዳትንቀሳቀስ የሚከለክላት ሕመም እንደሌለባት ስለነገረኝ ሥራውን ያለ ስጋት ጀምሬዋለሁ።

ከሰባት ዓመት በፊት ከመንዝ ዘመዶቻችን ጋር ስትመጣ ሥራዋ የገብስ ጆንያዎቻችንን ከአይጥ መጠበቅ ነበር፤ ሥራዋንም ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። መውለዷ ሲደጋገም ከሦስት ዓመት በፊት ዳግመኛ እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና አስደረግሁላት። ከእንዲህ ያለው ሕክምና በኋላ የድመት ሰውነት የሚያስፈልገው ምግብ እንደሚያንስ፣ የመብላት ፍላጎቷ ግን እንደሚጨምር ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ የምትበላውንም አልቀነስሁላትም። በዚያ ላይ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ድመት ደግሞ ሙቀት ትወዳለች። ምድጃው አጠገብ ያለው መደብ ላይ ተኝታ ምግቧ አፍንጫዋ ሥር የሚቀርብላት ድመት የምትነሣበት ምክንያት አልነበራትም።

ከክብደቷ ይልቅ ያሳዘነኝ ጀርባዋ ነው። ከወገቧ አንሥቶ እስከ ጅራቷ ሥር ያለው ጠጉር ተቋጥሮ ተድበልብሏል። ድመት ንጽሕናዋን በምላሷ የምትጠብቅ እንስሳ ሆና ሳለ ዳልቻ ግን ውፍረቷ ስለሚይዛት አንገቷን አዙራ እዚያ ድረስ መድረስ አትችልም።

ጥቅምት 5

ከእንቅስቃሴው በፊት የምትበላውን መቁጠር ነበረብኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ የቀረበላትን ሁሉ ጻፍሁ። የተቀቀለ ሳንባ፣ ቅቤ የነካው ፍትፍት፣ እንዲሁም እናቴ ጠዋትና ማታ የምትሰጣት አንድ አንድ ሲኒ ወተት ተደምሮ በቀን ከ320 ኪሎ ካሎሪ ያላነሰ ሆነ። ሐኪሞች የሚሠሩበት ስሌት ለ4.5 ኪሎ ግራም ድመት በዕረፍት ላይ 216 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ ለመክሳት ከዚህ 80 በመቶው፣ ማለትም 173 ያህሉ ይበቃል። የእኛ ሲኒ 80 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ የላም ወተት በ100 ሚሊ ሊትር ከ60 ኪሎ ካሎሪ በላይ ስላለው ሁለቱ ሲኒዎች ብቻቸውን ወደ 100 ይጠጋሉ። በቤታችን ማንም እንደ ምግብ ያልቆጠረው ወተት ለመክሳት ከሚበቃት የቀን ድርሻ ከግማሽ በላይ ይወስድ ነበር ማለት ነው። ብዙ አዋቂ ድመቶች በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር በሚገባ እንደማይፈጩም ሐኪሙ ጨምሮ ነግሮኛል።

ይህን ለእናቴ ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና «ልጄ፣ ዐይን ዐይኔን እያየች ስትለምነኝ እንዴት አድርጌ ነው የምከለክላት?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ጠዋት የመጀመሪያውን ቃል የምትናገረው ለዳልቻ ነው፤ «ውሮ፣ ውሮ» ብላ ጠርታ ወተቱን ስታስቀምጥላት ነው ቀኑ የሚጀምረው። ይህን የሚነጥቅ ዕቅድ ቢሠራ እንኳ ትክክል አይሆንም። ስለዚህ ወተቱ ወደ ግማሽ ሲኒ ዝቅ እንዲል፣ ቅቤው ፈጽሞ እንዲቀርና ጠቅላላው መጀመሪያ ወደ 250 ኪሎ ካሎሪ ብቻ እንዲወርድ ተስማማን። ከእናቴ እጅ የሚሰጥ ሌላ ነገር መፈለግ የእኔ የቤት ሥራ ሆኖ ቀርቷል።

ጥቅምት 9

አልተሳካም። ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ታቅፌ ወደ ግቢ እያወጣሁ አጥሩ ጥግ አስቀመጥኋት፤ ሦስቱንም ቀን በሯ ድረስ ቀስ ብላ ተራምዳ እስኪከፈትላት ቆመች። አሥራ አምስት እርምጃ ነው። በሦስተኛው ቀን ልይዛት ስጠጋ አልጋ ሥር ገባችብኝ፤ ከዚህ በፊት ከእኔ ሸሽታ አታውቅም። ተገድዶ የሚሠራ እንቅስቃሴ ለድመት ፍርሃት እንጂ ሌላ ነገር እንደማያተርፍላት ስለተረዳሁ ይህን መንገድ ዛሬ ትቼዋለሁ።

ጥቅምት 14

ዛሬ ጅራቷ ተወዛወዘ። ነገሩን በዝርዝር መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ያለፈው ሳምንት ስሕተቴ ሁሉ እዚህ ላይ ተገልጦልኛል።

እስከ ትናንት ድረስ ስናጫውታት የያዝነውን ነገር ወደ ፊቷ እናመጣ ነበር። የዶሮ ላባ አፍንጫዋ ላይ እናወዛውዛለን፣ የጨርቅ ኳስ ወደ እግሯ እናንከባልላለን፤ እሷም ፊቷን ታዞራለች። ማታ ይህን ሳስብ ከዓመታት በፊት መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ስታድን ያየሁት ትዝ አለኝ። ቀበሮዋ በጓሳው ሣር መካከል ሆዷን ወደ መሬት አስጠግታ ትንሽ ትራመዳለች፣ ትቆማለች፣ ጆሮዋን ታቀናለች፤ አይጡ ጉድጓዱ አፍ ላይ ብቅ ብሎ ሊሰወር ሲል ዘላ ትወድቅበታለች። የሚታደን ነገር ወደ አዳኙ አይመጣም፤ ይርቃል፣ ይደበቃል፣ ድምፅ ያሰማል፣ ዝም ይላል። ድመትም እንዲሁ አድፍጦ አዳኝ ናት፤ ለረጅም ሩጫ የተፈጠረች አይደለችም። የምታደርገው አጭር፣ ብርቱና በዕረፍት የተከፋፈለ እንቅስቃሴ ነው።

ስለዚህ ዛሬ እናቴ በእንዝርት ከፈተለችው የመንዝ በግ ጠጉር አንድ ድብልብል ሠርቼ፣ ክንድ ተኩል በሚሆን የባሕር ዛፍ ዘንግ ጫፍ ላይ በአጭር ገመድ አሰርሁት። ያልታጠበ ጠጉር የበጉ ሽታ ስላለው የመረጥሁት ሆን ብዬ ነው። ወደ እሷ ሳልጠጋ መሬት ላይ በተነጠፈው ጀንዲ ሥር አስገብቼ ቀስ ብዬ ከእሷ እያራቅሁ ጎተትሁት። ደረቁ ቆዳ ሥር ሲንኮሻኮሽ ጆሮዎቿ ዞሩ። አቆምሁ። እንደገና አንድ ስንዝር ያህል ሳንቀሳቅሰው ከመደቡ ላይ አንገቷን አሰገገች፤ ጫፉ ከጀንዲው ብቅ ብሎ ሲመለስ ወርዳ በሁለት እጇ ተጫነችው። ከመደቡ መውረዷን ጨምሮ ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ አልበለጠም፤ ከዚያ በጎኗ ተኛችና መተንፈሷ ፈጠነ። ወዲያው አንድ ቁራሽ ሳንባ ሰጠኋት። አድኖ መብላት አንድ ነገር ነው፤ ይዛ ምንም ያላገኘች ድመት ነገ ላትነሣ ትችላለች።

ጥቅምት 27

6.31 ኪሎ ግራም። በ24 ቀን 110 ግራም ቀንሳለች። ትንሽ ነው፣ ነገር ግን መጣደፍ አይገባም፤ ድመት በሳምንት ከክብደቷ ከግማሽ እስከ ሁለት በመቶ ብትቀንስ ነው ደግ የሚባለው።

ጨዋታው አሁን በቀን አራት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ደቂቃ ሆኗል። እኩለ ቀን ላይ ምንም ብናደርግ አትነሣም። ጎሕ ሲቀድና ዐይን ለዐይን ሲያዝ ግን ሳንጠራት ዘንጉ ወደተቀመጠበት ጥግ ታያለች፤ የድመት ዘር በተፈጥሮው በእነዚህ ሰዓቶች ይነቃልና። ከአራቱ ሁለቱን ጨዋታዎች ወደ 12 ሰዓት ጠዋትና 12 ሰዓት ማታ አዛውሬያቸዋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለራሴ እጽፋለሁ። የጎረቤታችን ልጅ አብሯት መጫወት ስለሚወድ ዘንጉን ሰጥቼው ነበር፤ ማታ ዳልቻ የተፈታውን ክር ስታኝክ አገኘኋት። የድመት ምላስ ወደ ውስጥ በዞሩ ሻካራ እሾሆች የተሸፈነ ስለሆነ አፏ የገባ ክር ለመትፋት ይቸግራታል፤ የተዋጠ ክር ደግሞ አንጀትን ሰብስቦ ይቆርጣል። ልጁን ጠርቼ ሳስረዳው «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ስጨርስ ለእርስዎ ነው የምመልሰው» ብሎኛል፤ ዘንጉም ከዛሬ ጀምሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ያድራል።

ኅዳር 6

ለእናቴ የሚሆነው ሥራ ተገኘ። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘውን ካርቶን አመጣሁና የዳልቻን ሳንባና ልብ እንደ ሽምብራ ቆራርጠን በጉድጓዶቹ ውስጥ በተንነው። ዳልቻ መጀመሪያ ዙሪያውን አሸተተች፣ በአፏ ሞከረች፣ አልደረሰችበትም፤ በመጨረሻ አንድ እጇን አስገብታ ጭራ አወጣች። ድሮ በሁለት ደቂቃ የምትጨርሰውን ዛሬ በ19 ደቂቃ በላች፤ ያንንም ቆማ ነው።

እናቴ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እስክትጨርስ አየቻት። ከዚያ ወዲህ ካርቶኑን የምትሞላው እሷ ናት፤ በየቀኑም ቦታውን ትለውጣለች፤ አንድ ቀን ጓዳ፣ አንድ ቀን ከአልጋው ጀርባ፣ አንድ ቀን ከጆንያዎቹ መካከል። «ውሮ፣ ውሮ» የሚለው ጥሪ እንደ ነበረ ነው፤ ዳልቻ ግን አሁን ጥሪውን ስትሰማ ተነሥታ ትፈልጋለች። ለማታ ደግሞ ባዶ ሃይላንድ ጎኑን በሦስት ቦታ ቀድጄ የተቆራረጠ የተቀቀለ እንቁላል አስገባሁበት፤ ካላንከባለለችው አይወርድላትም። የቀዳዳዎቹን ጠርዝ በጋለ ቢላዋ አለስልሻለሁ፤ አለዚያ እጇን ይቆርጣታል።

ኅዳር 11 ላይ የተጨመረ፦ 6.22 ኪሎ ግራም። ከዛሬ ጀምሮ ወደ 215 ኪሎ ካሎሪ ወርዳለች።

ኅዳር 24

ባለፉት ቀናት ያጠፋሁትን ሳላለዝብ እመዘግባለሁ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ ወተት ከቤታችን ወጣ። ያለ ክርክር ስለቀረ ደስ አለኝ፤ የቀረውን ወተት በሌላ ምግብ መተካት እንዳለብኝ ግን ልብ አላልሁም። በዚያው ሳምንት ሳንባ የምንገዛበት ሉካንዳ ቤት ለጾሙ ስለተዘጋ ከሌላ ቦታ የመጣው ሽታው የተለየ ሆኖባት ግማሹን እየተወች ትሄድ ነበር። በ22 ስመዝናት 6.02 ኪሎ ግራም ሆነች፤ በ11 ቀን 200 ግራም ማለት ነው። እኔ ይህን እንደ ድል ቆጥሬው ነበር። ትናንት ግን ከጠዋት እስከ ማታ ምንም ሳትቀምስ ዋለች።

ወፍራም ድመት መብላት ስታቆም ሰውነቷ ስቡን በብዛት ወደ ጉበቷ ይልካል፤ ጉበቷ ያን ሁሉ ማቃጠል ስለማይችል በስብ ተሞልቶ ሥራውን ያቆማል። ሁለት ሦስት ቀን ያልበላች ወፍራም ድመት ለሞት የምታሰጋው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ቢጾም ይከሳል፤ ድመት ብትጾም ትታመማለች። ማታውኑ ለሐኪሙ ደወልሁለት፤ ጨዋታውን ሁሉ እንዳቆም፣ የቀቀልሁበትን መረቅ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት አሙቄ እንዳቀርብላት፣ እስከ ጠዋት ካልበላች ይዣት እንድመጣ ነገረኝ። እናቴ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥታ መረቁን አሙቃላታለች። ወደ 10 ሰዓት ሌሊት ላይ ላሰችው፤ ጠዋት ደግሞ ከእጇ ላይ የተቀቀለ ልብ በላች።

የካርቶኑንና የሃይላንዱን ሥራ ለአንድ ሳምንት አቆማለሁ፤ ምግቡን 230 ኪሎ ካሎሪ አድርጌ በሳሕን አቀርባለሁ። ቅነሳው ከእንግዲህ በየሁለት ሳምንቱ ከ20 ኪሎ ካሎሪ አይበልጥም።

ታኅሣሥ 8

5.98 ኪሎ ግራም። በልታለች፣ ተጫውታለች፤ ካርቶኑም ተመልሷል።

ውርጩ በርትቷል፤ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ያለው ሣር ነጭ ሆኖ ያድራል። ዳልቻም ወደ ምድጃዋ ተመልሳለች። ከሙቀት ጋር ስታገል ከርሜ ዛሬ ሙቀቱን ራሱን ለሥራው ለማዋል ወሰንሁ። ማድ ቤታችን ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ በስተቀኝ፣ ዕቃ የምናስቀምጥበት ቆጥ አለ፤ ከመሬት 1.90 ሜትር ይርቃል። እሳቱ ከጠፋና ጭሱ ከወጣ በኋላ ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ሌሊት ከቤቱ ሁሉ ሞቃቱ ቦታ ያ ቆጥ ነው፤ ዳልቻ ይህን የማታውቀው መውጫ ስለሌላት ብቻ ነው። የቆጡን ግማሽ አጽድተን አሮጌ ባና አነጠፍንበት።

መወጣጫውን ለመሥራት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። መደቡ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ስላለው የመጀመሪያው እርከን እሱ ነው። ከዚያ በላይ አራት ጣውላዎች እያንዳንዳቸው በ29 ሳንቲ ሜትር ልዩነት በግድግዳው ላይ ቸነከርሁ፤ የወርዳቸው ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ወፍራም ድመት መዞሪያ ቦታ ካጣች ትፈራለችና። ቀጭን ድመት ከመሬት ተነሥታ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ትዘላለች፤ የዳልቻ መገጣጠሚያ ግን ይህን ሁሉ ክብደት ይዞ ከከፍታ ሲወርድ ሊጎዳ ስለሚችል ደረጃዎቹን ያቀራረብሁት ከመውጣቷ ይልቅ ለመውረዷ ብዬ ነው። ጣውላዎቹን ሁሉ ከመንዝ በመጣ የጓሳ ገመድ ጠመጠምኋቸው። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንም ለገመድም የሚመረጠው ስለሚጠነክር ነው፤ ለጥፍሯም ጥሩ መያዣ ሆኖላታል።

ታኅሣሥ 21

መጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ካርቶኑን ቆራርጠን አራት አራት ጉድጓድ ያለውን ቁራጭ በመጀመሪያው ጣውላ ላይ አስቀመጥን፤ ከዚያ በሁለተኛው፣ ከዚያ በሦስተኛው። ሦስተኛው ላይ አራት ቀን ቆየች፤ ወደ ላይ ታያለች፣ ኋላ እግሯን ታመቻቻለች፣ ትተዋለች። አልገፋናትም።

ትናንት ማታ እራት ከበላን በኋላ እናቴ ሱፉን ራሷ ይዛ ከቆጡ ጫፍ ላይ በጣቷ አንኮሻኮሸችው። ዳልቻ ከሦስተኛው ወደ አራተኛው፣ ከአራተኛው ወደ ቆጡ በአንድ ትንፋሽ ወጣች፤ ጣውላው ሲንቋቋ እኔ እጆቼን ዘርግቼ ከሥሯ ቆሜ ነበር። እናቴ እጇን አጨብጭባ «ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ!» አለች። ተረቱ ሲነገር የኖረው ድመቷን ለመውቀስ ነው፤ ከእናቴ አፍ ግን ምርቃት ሆኖ ነው የወጣው። ዳልቻ ባናው ላይ ሦስት ጊዜ ዞራ ተኛች። ዛሬ ጠዋት ራሷ ወርዳ አገኘናት፤ ማታም ሳንጠራት ወጥታለች።

ጥር 3

5.88 ኪሎ ግራም፤ በታኅሣሥ 28 ከነበረው 5.84 በ40 ግራም ጨምራለች። ገና ነበር። እንግዶቻችን እያንዳንዳቸው በፍቅር አንድ አንድ ጉርሻ ሥጋ እንደሰጧት አላጣሁትም። ጭማሪው አያስጨንቀኝም፤ ያስጨነቀኝ የዶሮ ወጡ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ተቀቅለውም ሆነ ተቁላልተው፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚያፈርሱ ወጥ የነካ ሥጋ ለድመት መስጠት መርዝ መስጠት ነው፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ ጉሮሮንና አንጀትን ይወጋል። በበዓሉ ቀን እናቴ ለዳልቻ የሚሆን የዶሮ ሥጋ ሽንኩርቱ ሳይነካው ለይታ ቀቅላ በትንሽ ሳሕን አስቀምጣ ነበር፤ እንግዳ ሊያጎርሳት ሲል «እስቲ ከዚህ ስጣት የኔ ልጅ» እያለች ሳሕኑን ታቀርባለች። ያንን የምታደርገው እኔ ሳልነግራት ነው።

ጥር 13

ከጥምቀት ማግስት ማታ፣ ማለትም ትናንት፣ ጓዳ ውስጥ የሆነ ነገር ሲንኮሻኮሽ ሰማንና ዘንጉን ማን አወጣው ብዬ ተነሣሁ። ዘንጉ ተቆልፎበት ነበር። ዳልቻ ከቆጡ በአራቱም ጣውላ ወርዳ፣ በገብስ ጆንያዎቹ መካከል ሆዷን መሬት አስነክታ አድፍጣ ነበር። አይጡ በግድግዳው ሥር ሲሮጥ ከጓዳው ጫፍ እስከ በሩ ድረስ አባረረችው፤ በበሩ ሥር ሾልኮ አመለጣት። እሷም በሩ ሥር አፍንጫዋን አስገብታ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። በሦስት ዓመት ውስጥ ስትሮጥ ያየኋት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ባዶ እጇን እንዳትመለስ እናቴ አንድ ቁራጭ ልብ በበሩ ሥር አኖረችላት።

ጥር 24

5.63 ኪሎ ግራም። በ16 ሳምንት 790 ግራም፣ ከመነሻ ክብደቷ 12 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ገና ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ይቀራል፤ በዚሁ ፍጥነት እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ እንሠራለን ብዬ አስባለሁ። ምግቧ አሁን 175 ኪሎ ካሎሪ ላይ ነው፦ ሳምባና ልብ 130 ግራም፣ ግማሽ እንቁላል፣ በሳምንት ሁለት ቀን የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ጉበት፤ ሥጋ ብቻውን ካልሲየም ስለሚያንሰው በሐኪሙ ልክ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይነሰነስበታል። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሳንባ የምናገኝበትን ሌላ ሉካንዳ ቤት ከወዲሁ አነጋግሬያለሁ፤ ከአዲሱም በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየቀላቀልን ሽታውን እያስለመድናት ነው።

የጣውላዎቹን ልዩነት ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ለማስፋት ዛሬ መዶሻና ሚስማር ይዤ ማድ ቤት ስገባ ዳልቻ መደቡ ላይ ፀሐይ በምትገባበት ቦታ ተቀምጣ ነበር። አንገቷን አዙራ፣ አንድ ኋላ እግሯን ወደ ላይ አንሥታ፣ ከጅራቷ ሥር ያለውን የተቋጠረ ጠጉር በምላሷ ትፈታ ነበር። እናቴን በእጄ ጠቀስኋት። ሁለታችንም በሩ ላይ ቆመን እስክትጨርስ ጠበቅናት፤ ጣውላውን ነገ እቸነክራለሁ።